ለምታሠሩት ጊታር ጥለት ያለው ሜፕል እንዴት ትመርጣላችሁ? አዳማ ላይ ሆኖ ለሚያሠራ ሰው

ጊታር ልታሠሩ ነው እንበል። ሠሪውን አግኝታችኋል፣ ቅርጹ ላይ ተስማምታችኋል፣ ቀብድ ከፍላችኋል። የቀረው ፊቱ ላይ የሚለጠፈው እንጨት ነው። ስልክ ላይ ያያችሁት ያ ሞገድ የሚመስል፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚንቀሳቀስ ሜፕል ደግሞ ልባችሁን ወስዶታል። አይፈረድባችሁም። ግን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቅደም ተከተሉን እንያዝ። ጥለቱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት እንጨቱ በየት በኩል ተቆረጠ፣ ምን ያህል ደረቀ፣ አዳማ ሲገባስ ምን ይሆናል የሚሉት ይቀድማሉ። አምሮ የሚጣመም እንጨት ሞልቷል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ሜፕል የእኛ አገር ዛፍ አይደለም። አዳማ ውስጥ የፈርኒቸር ቤቶች «ሜፕል አለን» ካሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈ ሜፕል መሳይ ቀለም ማለታቸው ነው። አልዋሹም፣ እነሱ ዘንድ የቀለም ስም ነው። ለጊታር ግን አይሆንም። ስለዚህ እንጨቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከውጭ የሚመጣ ነገር መመለስ ስለሚያስቸግር ምርጫው ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል።

1. እንጨቱ የት እንደሚገባ ወስኑ

«ሜፕል እፈልጋለሁ» ብቻ አይበቃም። ለኤሌክትሪክ ጊታር ፊት ነው? ለአንገት ነው? ወይስ ለቦክስ ጊታር ጀርባና ጎን? መልሱ መጠኑንም፣ የእንጨቱን ዓይነትም፣ ዋጋውንም ይለውጣል።

ለኤሌክትሪክ ጊታር ፊት ሁለት ግማሾች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ወደ 20 ሳንቲሜትር ስፋትና 55 ሳንቲሜትር ርዝመት ቢኖረው አብዛኛውን ቅርጽ ይሸፍናል። የጊታሩ ሰፊ ክፍል 33 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ትርፍ ይኖራችኋል። ውፍረቱ እንደ አሠራሩ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ተጠርቦ ሲያልቅ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ስለዚህ ስትገዙ 8 ሚሊሜትር ፈልጉ። እንደ ሌስ ፖል (የጊብሰን ኩባንያ ጊታር) መሀሉ ጎበጥ ያለ ፊት ከሆነ ግን እስከ 19 ሚሊሜትር ሊያስፈልግ ይችላል። ዋጋው ያኔ ይዘላል።

ለአንገት ወደ 70 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም ወፍራም ጣውላ ነው የሚፈለገው። ለቦክስ ጊታር ደግሞ ጀርባው ሁለት፣ ጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ቁራጭ ከአንድ ግንድ የወጣ መሆን አለበት። ጎኖቹ ከ80 ሳንቲሜትር ማነስ የለባቸውም።

ሠሪውን ሳትጠይቁ አትዘዙ። «ጋሼ፣ ተጠርቦ ሲያልቅ ስንት ሚሊሜትር ነው የሚፈልጉት?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥር መስጠት ካልቻለ ሠሪው ላይም ቆም ብላችሁ አስቡ።

2. የትኛው ሜፕል?

ሜፕል አንድ ዛፍ አይደለም፣ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ለጊታር የሚያገለግሉት ግን ጥቂት ናቸው።

ጠንካራው ሜፕል የሚመጣው ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። የሜፕል ሽሮፕ የሚወጣው ከዚሁ ዛፍ ነው። ሲደርቅ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 700 ኪሎ ይመዝናል። ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለአንገት ተመራጭ ነው። በርድስአይ የሚባለው የነጠብጣብ ጥለት የሚገኘውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ቢግሊፍ ሜፕል ከአሜሪካና ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ይመጣል። ወደ 545 ኪሎ ነው፣ ማለትም በጣም ቀለል ይላል። ኩዊልት የሚባለው ያበጠና የተደራረበ አረፋ መሳይ ጥለት በብዛት የሚገኘው ከእሱ ነው። ለፊት እጅግ ጥሩ ነው። ለአንገት ግን እኔ አልመርጠውም።

የአውሮፓው ሜፕል በሁለቱ መሀል ነው፣ ወደ 615 ኪሎ። የቫዮሊን ጀርባ ለዘመናት የተሠራው በእሱ ነው። ለቦክስ ጊታር ጀርባና ጎን ደስ ይላል።

ሻጩ «ሜፕል» ብሎ ብቻ ከጻፈ ዓይነቱን ጠይቁት። ቁራጩ እጃችሁ ከገባ ራሳችሁም መገመት ትችላላችሁ። 55 በ20 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 0.8 ሳንቲሜትር የሆነ ግማሽ 880 ሳንቲሜትር ኩብ ነው። ሚዛን ላይ 530 ግራም ካነሳ ለአንድ ሜትር ኩብ ሲሰላ 600 ኪሎ ገደማ ይመጣል። «ጠንካራው ሜፕል ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ እንጨት 540 ከወጣው ሻጩን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላችሁ።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልበል። ለኤሌክትሪክ ጊታር «ፍሌም (አግድም ጭረት መሳይ ጥለት) ያለው ሜፕል ድምፁ ይለያል» የሚል ሻጭ ዋጋ ለመጨመር ነው የሚያወራው። ድምፁን በብዛት የሚወስኑት ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው)፣ ክሩ፣ ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት) እና የተጫዋቹ እጅ ናቸው። ጥለቱ ለዓይን ነው። ቦክስ ጊታር ላይ ነገሩ ይለያል። ሜፕል ጀርባና ጎን ሲሆን ድምፁ ጥርት ያለና ቶሎ የሚሰበሰብ ይሆናል፣ እንደ ሮዝውድ እንጨት አያስተጋባም። እዚያም ቢሆን ዋናው የፊቱ እንጨት ነው፣ እሱ ደግሞ ሜፕል አይደለም።

3. ጥለቱን ከእነ ባሕርይው እወቁ

ፍሌም የሚባለው የእንጨቱ ጅማት ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተወዛወዘ ሲያድግ የሚፈጠር ነው። ላዩ ሲላግ አንዳንዱ ጅማት ወደ እናንተ ይዞራል፣ አንዳንዱ ይሸሻል። ብርሃን የሚመልሱት በተለያየ አቅጣጫ ስለሆነ አግድም ጭረት ሆኖ ይታያል። ቀለም አይደለም።

ኩዊልት ያው የጅማት መወዛወዝ ነው፣ ግን ሰፋ ያለና የተዘበራረቀ። በርድስአይ ትንንሽ ዓይኖች ናቸው። ስፖልትድ ደግሞ ፈንገስ የጀመረው እንጨት ነው። ጥቋቁር መስመሮቹ ያምራሉ፣ ነገር ግን ቦታ ቦታው ላይ የበሰበሰና የላላ ይሆናል። ለፊት ብቻ ነው የሚሆነው፣ ያውም በፈሳሽ ሙጫ ተጠናክሮ። ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ የፈንገስ ስለሆነ ያለ ማስክ አይነካም። ለመጀመሪያ ጊታር ባይሞከር ይሻላል።

በነገራችን ላይ ጥለት ያለው ሜፕልን በጊታር ዓለም ያነገሠው ጊብሰን ሌስ ፖል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወጣ ፊቱ በወርቃማ ቀለም ስለተሸፈነ ሜፕሉ አይታይም ነበር። በ1958 ቀለሙ ወደ ሰንበርስት (መሀሉ ፈካ፣ ዳሩ ጠቆር ያለ፣ እንጨቱን የሚያሳይ ቀለም) ሲቀየር እንጨቱ ታየ። የሚገርመው፣ ከ1958 እስከ 1960 ከተሠሩት ብዙዎቹ ጥለታቸው ደብዘዝ ያለ ነው። ዛሬ በውድ የሚሸጡት እነሱም ጭምር ናቸው።

4. ጫፉን አንብቡ

ሰው ሁሉ የጣውላውን ፊት ነው የሚያየው። እናንተ ጫፉን እዩ። ሻጩ የጫፉን ፎቶ ካላስቀመጠ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ እለፉት።

ጫፉ ላይ የዕድገት ቀለበቶቹ እንደ ቀጫጭን መስመር ይታያሉ። መስመሮቹ ከፊቱ አንጻር ቀጥ ብለው ከቆሙ ኳርተር ነው፣ ማለትም ከግንዱ መሀል ወደ ልጡ አቅጣጫ የተቆረጠ። መስመሮቹ ከፊቱ ጋር አብረው ከተኙ ወይም ቅስት ከሠሩ ፍላት ነው። በመሀል ያለም አለ።

ፍሌም በደንብ የሚታየው ኳርተር ላይ ነው። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ፍላት ላይ ከሆነ ይቆራረጣል፣ ይጠማዘዛል። እሱንም የሚወድ አለ። ኩዊልት ደግሞ በተቃራኒው ፍላት ሲቆረጥ ነው የሚያምረው። ኩዊልት ኳርተር ቢቆረጥ ያ አረፋው ይጠፋና ፍሌም መሳይ ይሆናል። በርድስአይም ፍላት ላይ ነው ዓይኑ ክብ የሚሆነው።

ይህ ለውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም ነበር። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝና ሲያጣ ስፋቱ ይለወጣል፣ ለውጡም በአቆራረጡ ይለያያል። ጠንካራው ሜፕል ከእርጥብነት ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ በቀለበቱ አቅጣጫ ከመቶ 10 ያህል ይኮማተራል። ከመሀል ወደ ልጥ ባለው አቅጣጫ ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ቢግሊፍ ከመቶ 7 እና ከመቶ 4 ገደማ ነው። ኳርተር ጣውላ ስፋቱ በሁለተኛው፣ በትንሹ አቅጣጫ ስለሚውል እንቅስቃሴው ግማሽ ይሆናል።

በጊታር ልክ እናስላው። 33 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የጠንካራ ሜፕል ፊት የእርጥበት መጠኑ በ3 ነጥብ (ለምሳሌ ከመቶ 9 ወደ ከመቶ 6) ቢለወጥ፣ ፍላት ከሆነ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ኳርተር ከሆነ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ። 3 ሚሊሜትር ማለት መሀል መጋጠሚያውን የሚከፍት ወይም ቀለሙን የሚሰነጥቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ወፍራም ፊት፣ አንገትና የቦክስ ጊታር ጀርባ ላይ ኳርተር ፈልጉ። ኩዊልት ካማራችሁ በቀጭኑ ውሰዱትና ጥሩ አካል ላይ ይለጠፍ። አካሉ ስለሚይዘው ብዙ አይጨነቅም።

ጫፉን እያያችሁ ሌላም ነገር ፈትሹ። ትንንሽ ስንጥቅ አለ? ሰም ወይም ቀለም ተቀብቷል? ሰም መኖሩ ጥሩ ነው፣ በዝግታ እንዲደርቅ የተጠነቀቀ ሰው አለ ማለት ነው። ስንጥቅ ካለ ግን ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ቁጠሩት።

5. ስለ እርጥበት፣ በተለይ አዳማ ላይ

በጋ ላይ የአዳማ ነፋስ ምን እንደሚመስል እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ከከተማው ዙሪያ ኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። በር ይሰነጠቃል፣ ቁም ሣጥን ይላላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው በር አልዘጋ ይላል። ጊታራችሁ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው።

እንጨት ካለበት አየር ጋር ይመጣጠናል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 45 ቢሆን እንጨቱ ከመቶ 8 ወይም 9 አካባቢ ላይ ይረጋል። አየሩ ወደ ከመቶ 30 ቢወርድ ወደ 6 ይወርዳል። ከመቶ 65 ቢደርስ ወደ 12 ይወጣል። ጊታር ሠሪዎች ቤታቸውን ከመቶ 40 እስከ 50 ባለው ለማቆየት የሚለፉት ለዚህ ነው።

ከሻጩ የምትጠይቁት፦ እንጨቱ በምድጃ ነው የደረቀው ወይስ በአየር? አሁን የእርጥበት መጠኑ ስንት ነው? ከተቆረጠስ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ከ6 እስከ 8 ከሆነ ጥሩ ነው። 12 ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ከመሠራቱ በፊት ማረፍ አለበት። «ደርቋል» ብቻ የሚል መልስ መልስ አይደለም።

አንገቱን በተመለከተ ከልብ የምመክረው አለ፦ ሮስትድ ሜፕል። እንጨቱ አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ይቆላል። ቡናማ ይሆናል፣ እርጥበት የመሳብ አቅሙም ይቀንሳል። በጋና ክረምቱ ለሚፈራረቅበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ መድረቁ ነው፣ በቀላሉ ይሰነጠራል። ሠሪው ብሎን ከማስገባቱ በፊት በልኩ መብሳት አለበት።

ፍሌም ያለው አንገት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። ጅማቱ የተወዛወዘ እንጨት ቀጥ ካለው ይልቅ ይንቀሳቀሳል፣ ጥንካሬውም ያንሳል። የክሩን ጉተታ ቀን ከሌት የሚሸከመው አንገቱ ነው። ከወደዳችሁት ሦስት ወይም አምስት ቁራጭ ተጣብቆ የተሠራ ይሁን፣ ወይም በውስጡ ከትረስ ሮዱ (አንገቱን የሚያቀናው ብረት) ጎን የካርቦን ዘንግ ይግባ። እኔ ብሆን ፊቱን አስጌጬ አንገቱን ጭረት የሌለው፣ ቀጥ ያለ ኳርተር አደርገው ነበር። ገንዘብ ማውጣት ካለብኝ ቀጥ ባለ አንገት ላይ ነው።

6. በብርሃን ፈትኑት

እንጨቱ እጃችሁ ከገባ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሱቅ ሄዶ ቪዲዮ የሚደውልላችሁ ከሆነ፣ ይህን አድርጉ ወይም አስደርጉ።

የስልኩን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከዚያ ጣውላውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት። እውነተኛ ጥለት ቦታ ይቀያየራል፣ ብሩህ የነበረው ጭረት ይጨልማል፣ ጨለማው ይበራል። ግማሽ ዙር ስታዞሩት የነበረው ሥዕል ይገለበጣል። ምንም ቢዞር የማይለወጥ ከሆነ ቀለም ወይም ኅትመት ነው። ይህ የሚያስገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጊታር አምራቹ ፌንደር በጃፓን ባሠራቸው አንዳንድ ጊታሮች ላይ ፎቶ ፍሌም የሚባል የታተመ ጥለት ነበር። ዛሬም ርካሽ ጊታሮች ላይ ሞልቷል።

ቀጥሎ ከፋርማሲ የተገዛ የሕክምና አልኮል በጨርቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ጠራርጉት። ለጥቂት ሰከንድ ቀለም ሲቀባ የሚመስለውን ትክክለኛ ገጽ ታያላችሁ። ከዚያ ይተናል፣ እንጨቱም አይጎዳም። ውኃ አትጠቀሙ፣ ጅማቱን ያስነሳዋል። እሳትና ሲጋራ አጠገብ እንዳይሆን።

ሻጮች ፎቶ የሚያነሱት እንዲህ ረጥቦ እያለ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ፎቶ ጠይቁ፣ አንድ ደረቅ፣ አንድ እርጥብ። ደረቁ ላይ ጭረቱ በግልጽ ከታየ እንጨቱ ጠንካራ ጥለት አለው። እርጥቡ ላይ ብቻ ከታየ መካከለኛ ነው። መካከለኛ ክፉ አይደለም፣ ዋጋው መካከለኛ ከሆነ።

ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ጣውላ በመሀል ተሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ የተከፈቱ መሆን አለባቸው። አጋጥማችሁ አስቀምጧቸውና መሀሉን ተመልከቱ። ጭረቶቹ ይገናኛሉ? ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሾለ ቅርጽ ይሠራሉ? አንድ ጭረት በግራ በኩል ብሩህ ሆኖ በቀኝ በኩል ያለው አቻው ጨለማ ቢሆን አትደንግጡ። መጽሐፉ ሲከፈት የአንዱ ጅማት ወደ እናንተ፣ የሌላው ወደዚያ ስለሚያዘነብል ነው። የሚያሳስበው ከየትም አቅጣጫ ቢታይ አንዱ ግማሽ በሙሉ ጨልሞ ሌላው ሲበራ ነው። ያኔ ጅማቱ ከጣውላው ፊት ጋር ትይዩ ሳይሆን ሰያፍ ወጥቷል ማለት ነው። ቀለም ሲቀባ ልዩነቱ ይባስ ይጎላል።

አንድ ብልሃት አለ። የጊታሩን ቅርጽ ከካርቶን ቁረጡና ውስጡን አውጥታችሁ እንደ መስኮት እንጨቱ ላይ አድርጉት። የፒክአፑንና የብሪጁን ቦታም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በጣም የሚያምረው ጥለት ፒክአፑ በሚቀበርበት ቦታ ላይ ከሆነ ልትከፍሉለት ነው ማለት ነው፣ ላታዩት። ዳር ላይ ያለ አንጓ ወይም ቡናማ መስመር ደግሞ ከቅርጹ ውጭ ከወደቀ አያሳስብም። እንዲያውም በዋጋ ለመከራከር ይጠቅማል።

ቀለሙን በተመለከተ ነጩ ሜፕል የግንዱ የውጪ ክፍል ነው። መሀሉ ቡናማ ነው። ቀላል ቀለም ልታስቀቡ ከሆነ ነጭ ፈልጉ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀይ ካሰባችሁ ግን መጠነኛ ቡናማ መስመር ይሸፈናል። ግራጫ ጥላ ካለበት ሲደርቅ የዘገየ ነው፣ ያ አይጠፋም።

7. ስለ ደረጃና ዋጋ

ሻጮች ከአንድ ኤ እስከ አምስት ኤ ይሰጣሉ፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ «ማስተር ግሬድ» ይላል። ይህን የሚቆጣጠር አንድ ወጥ መለኪያ የለም። የአንዱ ሦስት ኤ የሌላው አምስት ኤ ነው። ደግሞ ደረጃው የሚናገረው ስለ ጥለቱ ብዛት ብቻ ነው፣ ስለ ድርቀቱም ስለ አቆራረጡም ምንም አይልም። ፊደሉን ትታችሁ ፎቶውን እዩ። «ፎቶው ላይ ያለው ራሱ እንጨት ነው የሚላከው?» ብላችሁም አረጋግጡ። «ተመሳሳይ» ከተባለ ይቅርባችሁ።

ለአብዛኛው ሰው ሦስት ኤ የሚባለው አካባቢ ይበቃል ባይ ነኝ። መድረክ ላይ ከሦስት ሜትር ርቆ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። የተረፈውን ብር ለፒክአፕ አውሉት።

8. ወደ አገር ማስገባት

ለአንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ፊት የሚበቃ ሁለት ግማሽ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ኮምፔንሳቶ መሀል ታስሮ በደንብ ይገባል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሸግ፣ መንገድ ላይ እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ። የግዢ ደረሰኙ አብሮ ይምጣ። እንጨቱ በምድጃ የደረቀና ልጥ የሌለው መሆኑ ደረሰኙ ላይ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ሻጩ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ማውጣት የሚችል ከሆነም ጠይቁት፣ ጉምሩክ ላይ ከመከራከር ይሻላል። ሜፕል በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር አይደለም። አብራችሁ የሮዝውድ ጣውላ ለማዘዝ ካሰባችሁ ግን አብዛኞቹ የሮዝውድ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቁጥጥር ውስጥ ስለሆኑ ወረቀት ይጠይቃል።

ለአካሉስ? ከውጭ ሁሉንም ማስመጣት አያስፈልግም። የደረቀ ዋንዛ ካገኛችሁ ለሜፕል ፊት ጥሩ ጀርባ ነው። ቀለል ይላል፣ በመላጊያ ይታዘዛል፣ ቡናማነቱም ከነጩ ሜፕል ጋር ያምራል። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ወይም ጣውላ ከሁሉ ይሻላል። ዕድሜ ልኩን እዚሁ አየር ውስጥ ስለኖረ መንቀሳቀሱን ጨርሷል። ሚስማሩን ግን አንድ በአንድ ፈልጋችሁ አውጡ። አዲስ ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ከተፈጥሮ ደን የተቆረጠ ዋንዛ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ።

9. ሲደርስ፦ ሚዛንና ትዕግሥት

እንጨቱ በደረሰ ማግስት ወደ ሠሪው አትሩጡ። ከፕላስቲኩ አውጡትና ጊታሩ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ከሥሩና ከመሀሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አድርጉበት፣ አየር በሁለቱም ፊት እንዲዞር። ከላይ ቀለል ያለ ክብደት ይጫንበት። ፀሐይ፣ መስኮት፣ ምድጃ አጠገብ አይሆንም።

የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ቀን እየጻፋችሁ በየጥቂት ቀኑ መዝኑት፣ በእርሳስ እንጨቱ ዳር ላይ መጻፍ ይቻላል። ለምሳሌ 1,000 ግራም የነበረው 980 ከገባ ወደ 2 ነጥብ ያህል እርጥበት ወጥቶለታል። ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም ጠብቁ። ቀጭን ፊት በጥቂት ሳምንት ይረጋል፣ ወፍራም የአንገት ጣውላ ወራት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከተጣመመ መጣመሙን አሁን ማወቃችሁ ዕድለኛ ያደርጋችኋል።

ርካሽ የክፍል እርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ሠሪው ቤት ብታስቀምጡ ደግሞ የበለጠ። ክረምት መሀል፣ አየሩ እርጥብ እያለ የተጣበቀ ፊት በጋ ላይ ይኮማተራል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ማጣበቁን መስከረምና ሰኔ መሀል ባለው ደረቅ ጊዜ አድርጉት፣ ነፋሱ በጣም በማይከፋበት ቀን።

10. ከሠሪው ጋር የምትነጋገሩት

ጥለት ያለው ሜፕል ትልቁ ጠላቱ የማቅጠኛ ማሽን ነው። ጅማቱ ስለሚወዛወዝ ስለቱ ግማሹን ሲላግ ግማሹን ነቅሎ ያነሳዋል። ፊቱ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይቀራል። በር የሚሠራበት ማሽን ውስጥ 8 ሚሊሜትር ሜፕል ማስገባት ደግሞ አንዳንዴ ቁርጥራጭ ይዞ መመለስ ነው። ስለዚህ ጠይቁ፦ «በምን ነው የሚያቀጥኑት?» ልምድ ያለው ሰው የሚመልሰው «ማሽኑ ይበላዋል፣ በደንብ በተሳለ ፒያላ ትንሽ በትንሽ፣ ከዚያ በብረት መፋቂያ፣ መጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት» ዓይነት ነገር ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ማሽን ያለው ሰው ካለ እሱም ይሆናል። ቦክስ ጊታር ከሆነ ጎኑ ሲጎብጥ ፍሌም ያለው ሜፕል መሰበር ይወዳል፣ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም ሳይወፍር በጋለ ብረት ላይ በቀስታ ነው የሚታጠፈው። አንድ ትርፍ የጎን ቁራጭ መግዛት ከጭንቀት ያድናል።

ቀለሙም ላይ ተስማሙ። ጥለቱ እንዲጎላ ከተፈለገ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባና ይፋቃል። ጥቁሩ በጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከዚያ ግልጽ ላከር። ይህ በመጀመሪያ ፊቱ ላይ አይሞከርም፣ ቁራጭ ላይ እንጂ። ሜፕል አንገት ያለ ላከር ወይም ያለ ዘይት ከቀረ በእጅ ላብ ቶሎ ይጠቁራል፣ ስለዚህ የግድ ይዘጋ።

የተስማማችሁትን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የፊቱ የመጨረሻ ውፍረት፣ የትኛው ጫፍ ወደ አንገት እንደሚሆን፣ መሀል መጋጠሚያው የት እንደሚያርፍ፣ የቀለሙ ናሙና። ትርፍራፊውንም «ጋሼ፣ ቁራጩን እንዳይጥሉብኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። የቀለም ሙከራው የሚደረገው በእሱ ላይ ነው፣ ወደፊት ጊታሩ ቢላጥም ከዚያው እንጨት የሚለጠፍ ቁራጭ ይኖራችኋል።